ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በሥራውና በቤቱ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ሥራቸው በሰፊው ይነገራል፤ ልጆቻቸውን በምን እንዳሳደጉና ቤታቸውን እንዴት እንዳስተዳደሩ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። ዛሬ በዓለም ሁሉ በሙዚቃ ሊቅነት ስሙ የሚጠራው ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ፣ በሕይወቱ ሳለ በደመወዝ የሚያድር የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛና የ20 ልጆች አባት ነበረ። ሥራውን ከቤቱ፣ ቤቱንም ከሥራው ለይቶ ማየት አይቻልም።

ባኽ በጀርመን አገር፣ ቱሪንጊያ በተባለው ክፍል፣ አይዘናኽ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1685 ዓ. ም. ተወለደ። አባቱ አምብሮዚዩስ የከተማው ሙዚቀኛ ነበረ። የባኽ ወገን ሙዚቃን እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርስ የኖረ ስለ ሆነ፣ በዚያ አገር ባሉት ከተሞች ከዚህ ዘር የተወለዱ ብዙ ሙዚቀኞች ይገኙ ነበረ። ነገር ግን ሕፃኑ በ1694 እናቱ፣ በ1695 አባቱ ሞቱበትና 10 ዓመት ሳይሞላው የሙት ልጅ ሆነ። ከዚህም በኋላ በኦርድሩፍ ከተማ ኦርጋን መቺ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው፤ ሙዚቃም አስተማረው። ቤትና ትምህርት ቤት አንድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ባኽ ገና በልጅነቱ በዚህ ዐወቀ።

በ1703፣ 18 ዓመት ሲሆነው፣ በአርንሽታት ከተማ በኦርጋን መቺነት ተቀጠረ። ከ2 ዓመት በኋላ፣ በሉቤክ የሚኖረውን ስመ ጥሩውን ኦርጋን መቺ ቡክስተሁደን ለመስማት የ4 ሳምንት ፈቃድ ተቀበለና 400 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጕዞ ሄደ። የተመለሰው ግን 4 ወር ያህል ከቈየ በኋላ ስለ ሆነ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሹሞች ገሠጹት። ያን ጊዜ የሚጠብቀው ሚስትና ልጅ አልነበረውም፤ እንዲህ ያለ ነጻነትም ዳግመኛ አላገኘም።

በ1707 ወደ ሙልሃውዘን ተዛወረ፤ በዚያው ዓመት የሥጋ ዘመዱን ማሪያ ባርባራን አገባ። በዚህች ከተማ የተቈረጠለት ደመወዝ በዓመት 85 ጉልደን ሲሆን፣ በተጨማሪ እህል፣ የማገዶ እንጨትና ጥቂት ዓሣ ይሰጠው ነበረ። ይህ ግን ለባለ ትዳር የሚበቃ አልሆነምና በሚከተለው ዓመት ደመወዙ ወደሚበልጥበት፣ ወደ ቫይማር መስፍን ቤት ሄደ። በዚያም 6 ልጆች ተወለዱለት፤ ከእነርሱ መንታ የነበሩት 2ቱ ወዲያው ሞቱ። በ1717 የኮተን መስፍን ሊዮፖልድ የሙዚቀኞች አለቃ አድርጎ በ400 ታለር ሊቀጥረው በፈለገ ጊዜ፣ ባኽ ይሰናበት ዘንድ አጥብቆ ስለ ጠየቀ የቫይማሩ መስፍን ተቈጥቶ 4 ሳምንት ያህል አሰረው። ከእስራቱም እንደ ወጣ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ኮተን ተሻገረ።

በኮተን ኑሮው ደልድሎ ሳለ ከሁሉ የከበደው ኀዘን ደረሰበት። በ1720 መስፍኑን ተከትሎ ካርልስባድ ወደሚባለው ጠበል ስፍራ ሲሄድ ማሪያ ባርባራን በጤና ትቷት ነበረ፤ ሲመለስ ግን ሞታ ተቀብራ አገኘ። በሕይወት የቀሩት 4 ልጆች ታላቂቱ 11፣ ታናሹ 5 ዓመታቸው ነበረ። የሥራው ግዴታ የሚስቱን ሞትና ቀብር እንዳያይ አድርጎታል።

በሚከተለው ዓመት መጨረሻ፣ በመስፍኑ ቤት በዘፋኝነት የምታገለግለውን አና ማግዳሌናን አገባ። እርስዋ ገና 20 ዓመቷ ነበረ። ሌላ የወለደቻቸውን 4 ልጆች ተቀብላ እያሳደገች፣ በድምፅዋም የራስዋን ደመወዝ ታገኝ ነበረ። ባኽ ለበኵር ወንድ ልጁ ለፍሪደማን በ1720 የመለማመጃ ደብተር እንደ ጀመረለት ሁሉ፣ ለአና ማግዳሌናም በ1722ና በ1725 ደብተር አዘጋጀላት። ቤተ ሰቡም በእነዚህ ደብተሮች እየተማረባቸውና እየጻፈባቸው አደገ።

በ1723 ባኽ በላይፕሲግ የቅዱስ ቶማስ ካንቶር፣ ማለት የመዘምራን መሪና መምህር ሆነ። ከመስፍን ቤት አለቅነት ወደዚህ ሹመት መምጣት እንደ መውረድ ስለ ታየው 3 ወር ያህል አመንትቶ ነበረ። በመጨረሻ ውሳኔውን ያጸናለት፣ ወንዶች ልጆቹ ከፍ ያለ ትምህርት እንዲያገኙ የነበረው ምኞት ነው። 4 ጋሪ ዕቃ አስጭኖ፣ ቤተ ሰቡንም በ2 ሠረገላ አሳፍሮ ወደ ላይፕሲግ ገባ። በዚያ ከተማ ግን ሴት በቤተ ክርስቲያን እንድትዘምር አይፈቀድም ነበረና፣ አና ማግዳሌና የመስፍን ቤት ሥራዋና ደመወዟ ቀረባት። ለልጆቹ ትምህርት ሁለቱም ከክብራቸው ከፈሉ ማለት ነው።

የተሰጣቸው ቤት ከ50 የሚበልጡ ተማሪዎች ከሚያድሩበት ትምህርት ቤት ጋራ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ስለ ነበረ፣ የተማሪው ጩኸትና የሕፃናቱ ልቅሶ አይለይም ነበረ። ባኽ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሳምንቱ ማለት ይቻላል፣ ካንታታ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር አዲስ ይደርስ ነበረ፤ ከእነዚህም 200 ያህሉ እስከ ዛሬ ይገኛሉ። ድርሰቱ እሑድ እንዲደርስ፣ ለየመዘምራኑና ለየመሣሪያው የሚሆነውን ሚስቱ፣ ልጆቹና ተማሪዎቹ ይገለብጡለት ነበረ። የአና ማግዳሌና የእጅ ጽሕፈት የባልዋን እጅግ ከመምሰሉ የተነሣ ሊቃውንት ለመለየት ተቸግረዋል።

ገቢው በዓመት 700 ታለር ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ብዙው የሚገኘው ከሠርግና ከቀብር ነበረ። ሰው በጤና በከረመ ዓመት የካንቶሩ ገቢ ይጐድላል። በ1730 ለቀድሞ ጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ የኑሮውን ውድነትና የሹሞቹን ክፋት ገልጾ ሌላ ሥራ እንዲፈልግለት ለምኖታል። በዚያው ደብዳቤ ግን ልጆቹ ሁሉ ሙዚቀኞች ሆነው እንደ ተወለዱና በቤተ ሰቡ ብቻ የዘፈንና የመሣሪያ ጉባኤ ለማቆም እንደሚችል በደስታ ነግሮታል።

ይህ ደስታ የተገኘው በኀዘን መካከል ነው። አና ማግዳሌና ከወለደቻቸው 13 ልጆች ከ1726 እስከ 1733 ድረስ 7ቱ በሕፃንነት ሞቱ። በእነዚሁ ዓመታት ውስጥ፣ በ1727፣ በማቴዎስ ወንጌል የተጻፈውን ሕማማት የሚናገረው ታላቁ ድርሰት ተሰማ። ካደጉትም መካከል ያሳዘኑት ነበሩ። በርንሃርድ የተባለው ልጁ በአባቱ አማላጅነት የኦርጋን መቺነት ሥራ ቢያገኝ፣ በ1738 ዕዳ ትቶ ጠፋ፤ በሚከተለው ዓመትም በ24 ዓመቱ ሞተ። ጎትፍሪድ ሃይንሪኽ ደግሞ ተሰጥዎ ሳያንሰው በአእምሮ ድካም ምክንያት ራሱን ችሎ ለመኖር አልቻለም። በአንጻሩ ፍሪደማን፣ ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤልና ታናሹ ዮሐን ክርስቲያን በአውሮፓ የታወቁ ሙዚቀኞች ሆኑ።

ባኽ በ1750 ዐይኑን ታክሞ ሳይድን፣ በሐምሌ ወር ዐረፈ። ኑዛዜ አልተወም። ቤቱ የትምህርት ቤቱ ስለ ነበረ አና ማግዳሌና ለቅቃ ወጣች፤ ኤማኑኤል ታናሽ ወንድሙን ዮሐን ክርስቲያንን ወስዶ ሲያሳድግ፣ እርስዋ ግን ከሴቶች ልጆቿ ጋራ በምጽዋት ኖራ በ1760 ሞተች። የዚህ ቤት ታሪክ በእውነት ከተነገረ ይህም አይደበቅም። ባኽ ለልጆቹ እውቀት አወረሰ፤ ለሚስቱ እርጅና የሚሆን ስንቅ ግን አላስቀመጠም። ከተማውም የ27 ዓመት አገልግሎቱን አስቦ መበለቲቱን በሚገባ አልረዳትም።

ድርሰቶቹ ብዙ ዘመን ተረስተው ከቈዩ በኋላ፣ በ1829 ሜንደልሶን የማቴዎስን ሕማማት በበርሊን ባሰማ ጊዜ ስሙ እንደ ገና ተነሣ። እነዚያ የቤት ደብተሮችም አልጠፉም፤ ዛሬም ፒያኖ የሚጀምሩ ልጆች በእነርሱ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ድርሰቶች ይማራሉ። በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሙዚቀኛ ባለ ትዳር ከዚህ ሕይወት የሚያገኘው ትምህርት ሁለት ነው፤ አንደኛው ሥራን ለቤተ ሰብ ማካፈል ሥራንም ቤትንም እንደሚያጸና ነው። ሁለተኛው አገልጋዩ ከሄደ በኋላ ቤቱ እንዳይፈርስ፣ እርሱም በጊዜው፣ ያገለገላቸውም ምእመናን ከእርሱ በኋላ ማሰብ እንዳለባቸው ነው።