ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የመንግሥት ሥራ

አብዛኞቻችን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ትምህርታችንን ስንፈጽም የመንግሥት ሥራ እንመኛለን። ስለዚህ የመንግሥት ሥራ ምን መሆን እንዳለበት አስቀድመው ያሰቡትን ሰው ታሪክ በዚህ የበዓል መጽሔት ልናቀርብ ወደድን።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አገር ተወለዱ። አባታቸው የአፄ ዮሐንስ ወታደር እንደ ነበሩና በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት እንደ ሞቱ ይነገራል። ልጃቸው ግን በምጽዋ መርከብ ተሳፍረው አውሮፓ ደረሱ፤ በኦስትሪያ ባለጸጋ ቤተ ሰብ ዘንድ አደጉ፤ በበርሊንም ሕክምና ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ዳግማዊ ምኒልክን ለሚያክም ጀርመናዊ ሐኪም አስተርጓሚ ሆኑ።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾመው ነበር። ነገር ግን ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ልማዱ አሮጌ ነበር። ሹም የተቈረጠ ደመወዝ ስለሌለው የሚኖረው ከሚገዛው ሕዝብ በሚያገኘው ነበር፤ ወታደሩም ከገበሬው ቤት እየገባ ይበላ ነበር። ነጋዴውም ከኬላ ኬላ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ገብረ ሕይወት በ1904 ዓ.ም. ስለ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ጽሑፍ ይህ እንዲለወጥ አሳሰቡ። የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ ይለይ፤ ግብር በልክ ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል፤ ሹምና ወታደር ደመወዝ ይቀበሉ፤ ሕግ ይጻፍ፤ ትምህርት ቤት ይከፈት የሚል ነበር አሳባቸው። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው የደመወዙ ነገር ነው፤ ሹም ከገበሬው እጅ እየበላ ለገበሬው እውነተኛ ዳኛ ሊሆን አይችልምና።

እርሳቸውም ጽፈው ብቻ አልተቀመጡም። የምድር ባቡር ተቈጣጣሪ፥ ኋላም በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። የቀረጥን ሥርዓት የነቀፈው ሰው የቀረጥ ሹም ሆነ ማለት ነው! በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፉት ትልቁ መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ይህ ለእኛ ለዋግ ልጆች የሩቅ ወሬ አይደለም። ሰቆጣ የዋግሹሞች መቀመጫ ነበረች። ሹመቱ ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር ሲወርድ ሲዋረድ እንደ መጣ፥ ዋግሹሙም በብር ዙፋን የመቀመጥ መብት እንደ ነበረው አባቶቻችን ይነግሩናል። በዚህ ክብር እንኮራለን። ሆኖም ሹሙ ደግ ሲሆን ድኻው ይፈረድለታል፤ ክፉ ሲሆን ግን ወዴት ይግባኝ ይላል? ያለ መዝገብ የተፈረደ ነገር ምስክሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

የጠቅላይ ግዛት ሹሞች በደመወዝ እንዲሠሩ የታወጀው በ1934 ዓ.ም.፥ ነጋድራስ ከሞቱ ከ23 ዓመት በኋላ ነው። ዋግም በወሎ ውስጥ አውራጃ ሆነ። ዛሬ ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዙፋኑ በጠረጴዛ፥ ነጋሪቱም በማኅተም ተተክቷል። ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ በእግሩ ወጥቶ የሚመጣ ገበሬ ጉዳዩን በኽምጣንጋ ይናገራል። ጸሐፊው ሰምቶ በመዝገብ ቢያሰፍርለት በማግሥቱ አገሩ ይገባል፤ ነገ ተመለስ ቢለው ግን ስንቁን ጨርሶ በሰው ደጅ ያድራል። ያ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከእኛ አንዱ ይሆናል።