ቫሳን ያገኙት ሰው

ብዙዎቻችሁ ከአዘቦት ቀን ትምህርት ቤታችሁ ጋር ዩርጎርደን ሄዳችሁ የቫሳን መርከብ አይታችኋል፣ አይደል? ለመሆኑ ከባሕር ሥር ማን እንዳገኘው ታውቃላችሁ? አንደርስ ፍራንሴን ይባላሉ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ፍራንሴን በ1918 ተወለዱ። ልጅ ሳሉ በጋውን የሚያሳልፉት ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ዳላሮ አካባቢ ነበር። እዚያ ከሰመጡ የድሮ መርከቦች የወጣ፣ ትል ያልነካው እንጨት አዩ። በ1939 ግን ከአባታቸው ጋር ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ሄደው ያዩት የመርከብ እንጨት በትል ተበሳስቶ ነበር። ይኼ ነገር ለምን ሆነ?

ምክንያቱ ጨው ነው። አንድ ሊትር የውቅያኖስ ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ባልቲክ ባሕር ግን ብዙ ወንዝ ይገባበታል፤ ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኘውም በጠባብ በር ነው። ስለዚህ ስቶክሆልም አጠገብ ጨው 6 ግራም ያህል ብቻ ነው። እንጨት በሊታው የመርከብ ትል፣ ስሙ ትል ይሁን እንጂ የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው፤ ጨው ባነሰበት ውሃ መኖር አይችልም። ቫሳ ቀይ ባሕር ውስጥ ሰምጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባላያችሁት ነበር!

ቫሳ በ1628 የመጀመሪያ ጉዞውን እንደጀመረ እዚሁ ወደቡ ውስጥ ሰመጠ። ፍራንሴን መርከቡ አሁንም እንዳለ አመኑ። በባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት የነዳጅ መሐንዲስ ስለነበሩ የሚፈልጉት በትርፍ ጊዜያቸው ነበር። የቆዩ ሰነዶችን አነበቡ፣ በትንሽ ጀልባ እየዞሩ የባሕሩን ወለል በመንጠቆ ጎተቱ። የሚወጣላቸው አሮጌ ምድጃና ብስክሌት ነበር። ግን አልተዉትም። ኦገስት 25 ቀን 1956 በገመድ ያወረዱት መሣሪያ የጠቆረ የኦክ እንጨት ቁራጭ ይዞ ወጣ። ጠላቂው ፐር ኤድቪን ፌልቲንግ ወርዶ በጨለማው ውስጥ በእጁ ሲዳስስ የመድፎቹን መስኮቶች አገኘ። ቫሳ ነበር!

መርከቡ ኤፕሪል 24 ቀን 1961፣ ከ333 ዓመት በኋላ፣ ብርሃን አየ። ፍራንሴን በ1993 አረፉ።

አያችሁ ልጆች? ሁሉም የተጀመረው ሁለት እንጨት አይቶ ለምን ብሎ በመጠየቅ ነው። እናንተም ጠይቁ፣ አትፈሩ።

የቤት ሥራ፦ ከእማማ ወይም ከአባባ ጋር ሁለት አንድ ሊትር ውሃ ቅዱ። በአንዱ 1፣ በሌላው 6 የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። በምላሳችሁ ጫፍ ቅመሱት፣ አትጠጡት። ባልቲክ የትኛው ነው? ቅዳሜ ንገሩን።