ዮሴፍ ወልደ ማትያስ፤ ሳያምን የመሰከረ ታሪክ ጸሐፊ

በየቁምስናው የሚገኙ ወጣቶች አዘውትረው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ውጭ ኢየሱስ የሚባል ሰው በእርግጥ በምድር ላይ እንደ ኖረ የሚመሰክር ጽሑፍ አለ ወይ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ከእምነት ማነስ የመጣ ነው ብለን ልንንቀው አይገባም። ክርስትና በተረት ላይ ሳይሆን በታወቀ ዘመን፣ በታወቀ አገርና በታወቀ ገዢ ሥር በተፈጸመ ነገር ላይ የቆመ እምነት ስለ ሆነ፣ ነገሩን መመርመር የተገባ ነው። ስለዚህም በዚህ እትማችን የአንድ ምስክር የሕይወት ታሪክ ለአንባብያን እናቀርባለን። ምስክሩ ክርስቲያን አልነበረም፤ በገዛ ወገኖቹም ዘንድ መልካም ስም አልነበረውም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአገራችን ሊቃውንት ስለ አይሁድ ታሪክ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰባቸው «ዜና አይሁድ» የተባለው የግእዝ መጽሐፍና ደራሲው ነው የሚባለው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ነው። ያ መጽሐፍ ግን በ10ኛው መቶ ዓመት በደቡብ ኢጣልያ በዕብራይስጥ ከተዘጋጀ ሥራ የመነጨ ሲሆን፣ ወደ ዐረብኛ ከተመለሰ በኋላ ከዐረብኛው ወደ ግእዝ ተተርጉሟል። አዘጋጁ ከቀደመው ታሪክ ጸሐፊ ብዙ ነገር ወስዷል፤ ስሙ ግን በዚያው ዘመን ከነበረ ከሌላ የአይሁድ መሪ ስም ጋር ተደባልቋል። እኛ የምንተርክለት ሰው ዮሴፍ ወልደ ማትያስ ነው፤ የሮም ዜግነት ካገኘ በኋላ ፍላቪዮስ ዮሴፎስ ተብሎ የታወቀው እርሱ ነው።

ልደቱና ትምህርቱ

ዮሴፎስ በ37 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ተወለደ። ጊዜው ጌታችን ከተሰቀለ ጥቂት ዓመታት ብቻ ያለፉበት፣ ጶንጥዮስ ጲላጦስም ከይሁዳ ገዢነቱ ተሽሮ የሄደበት ዘመን ነበር። አባቱ ማትያስ ከካህናት ወገን ሲሆን፣ ቤተ ሰቡ ከ24ቱ የካህናት ምድቦች ከመጀመሪያው ይቈጠር ነበር። ዮሴፎስ ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ ራሱን ማመስገን ይወዳል፤ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ የካህናት አለቆች ስለ ሕግ ጉዳይ ይጠይቁት እንደ ነበር ይነግረናል። በ16 ዓመቱ የፈሪሳውያንን፣ የሰዱቃውያንንና የኤሴናውያንን ትምህርት መመርመር ጀመረ፤ በበረሃ ይኖር ከነበረ ባኖስ ከተባለ ባሕታዊ ዘንድም 3 ዓመት ተቀመጠ። በ19 ዓመቱ ወደ ከተማ ተመልሶ የፈሪሳውያንን ሥርዓት መከተል ያዘ።

በ26 ዓመቱ በሮም ታስረው የነበሩ ካህናትን ለማስፈታት ጉዞ ጀመረ። የቅዱስ ጳውሎስን ጉዞ በሚያስታውስ ሁኔታ መርከቡ በባሕር ላይ ተሰበረ። በመርከቡ ከነበሩት 600 ያህል ሰዎች መካከል ሌሊቱን ሲዋኙ አድረው በሌላ መርከብ የዳኑት 80 ያህል ብቻ እንደ ነበሩ ጽፏል። ሮም ደርሶ በንጉሠ ነገሥቱ በኔሮን ሚስት በፖፔያ አማካይነት ካህናቱን አስፈታ። የሮምን ኃይልም በዓይኑ አይቶ ተመለሰ።

በዮታፓታ ዋሻ

በ66 ዓ.ም. አይሁድ በሮም ላይ ባመፁ ጊዜ፣ በኢየሩሳሌም የተቋቋመው አመራር ዮሴፎስን ወደ ገሊላ ላከው። ከዚያ አመራር ዋና ዋና ሰዎች አንዱ የሐና ልጅ ሐና የተባለ፣ ቀድሞ ሊቀ ካህናት የነበረ ሰው ነው። ይህን ስም አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በ67 ዓ.ም. የሮም ጦር አዛዥ ቬስፓስያን የዮታፓታን ምሽግ ከበበ። ምሽጉ 47 ቀን ከተከላከለ በኋላ ወደቀ። ዮሴፎስ ከ40 ሰዎች ጋር በዋሻ ተሸሸገ። ጓደኞቹ እጅ ከመስጠት መሞትን መረጡ፤ ዕጣ እየተጣጣሉም አንዱ ሌላውን እንዲገድል ተስማሙ። በመጨረሻ የቀሩት ዮሴፎስና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ነበሩ። ዮሴፎስም ባልንጀራውን አግባብቶ ሁለቱም ለሮማውያን እጃቸውን ሰጡ። ዕጣው በእግዚአብሔር ፈቃድ ወይስ በእርሱ ብልሃት እንዲህ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም፤ ታሪኩን ያወረሰን ራሱ ብቻ ነው።

በቬስፓስያን ፊት በቀረበ ጊዜ ንጉሠ ነገሥት እንደሚሆን ተነበየለት። ቬስፓስያን በ69 ዓ.ም. በእርግጥ ሲነግሥ ዮሴፎስ ከእስራት ተፈታ። በ70 ዓ.ም. የቬስፓስያን ልጅ ቲቶ ኢየሩሳሌምን ሲከብብ፣ ዮሴፎስ ከሮማውያን ወገን ቆሞ በቅጥሩ ሥር ወገኖቹ እንዲገዙ ይለምን ነበር። ወገኖቹም ረገሙት። ከተማይቱና ቤተ መቅደሱ በእሳት ሲጠፉ በዓይኑ አየ። ከዚያ በኋላ በሮም ዜግነትና ደመወዝ ተሰጥቶት፣ ቬስፓስያን ቀድሞ ይኖርበት በነበረው ቤት ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። የአይሁድን ጦርነት ታሪክ በ7 መጻሕፍት፣ የአይሁድን ጥንታዊ ታሪክ ደግሞ በ20 መጻሕፍት ጻፈ፤ ይህን ሁለተኛውን የፈጸመው በ93 ወይም በ94 ዓ.ም. ነው። ስለ ራሱ ሕይወትና ለሕዝቡ ጥብቅና የጻፋቸው ሥራዎችም ደርሰውናል።

ምስክርነቱ ሲመዘን

እንዲህ ያለውን ሰው ቃል እንዴት እንመን? ዳኛ የምስክርን ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ ምስክሩ በዚያ ጉዳይ ለመዋሸት ምክንያት እንዳለውና እንደ ሌለውም ይመረምራል። ዮሴፎስ ስለ ራሱ ሲናገር ልንጠነቀቅ ይገባል። ስለ ናዝሬቱ ኢየሱስ ሲናገር ግን የሚያተርፈው ነገር አልነበረም።

በጥንታዊ ታሪክ በ20ኛው መጽሐፍ የሚከተለውን ይተርካል። በ62 ዓ.ም. ገዢው ፊስጦስ ሞቶ፣ ተተኪው አልቢኖስ ገና በመንገድ ላይ ሳለ፣ ቀደም ብለን ስሙን ያነሣነው ሐና ሸንጎ ሰብስቦ ያዕቆብንና ሌሎችን በድንጋይ እንዲወገሩ አሳልፎ ሰጠ። ስለ ሕግ የሚጠነቀቁ የከተማው ሰዎች አዝነው ከሰሱት፤ ንጉሥ አግሪጳም ሐናን በ3 ወሩ ከሹመቱ ሻረው። ያዕቆብ የሚባሉ ሰዎች ብዙ ስለ ነበሩ፣ ጸሐፊው የትኛው ያዕቆብ እንደ ሆነ ለማስታወቅ ክርስቶስ የተባለው የኢየሱስ ወንድም መሆኑን በመንገዱ ያነሣል። በዚያን ዘመን የቅርብ ዘመድ ሁሉ ወንድም ይባል እንደ ነበር አንባብያን አይዘነጉም። ዮሴፎስ ያን ጊዜ የ25 ዓመት ያህል ወጣት የኢየሩሳሌም ካህን ነበር፤ ሐናንም ኋላ በቅርብ አውቆታል። በሐና ላይ ቂም ነበረው ቢባል እንኳ፣ የተገደለው ሰው የማን ዘመድ እንደ ሆነ ለመፍጠር ምክንያት አይሆነውም። እንዲህ ሳይታሰብበት በመንገድ የሚወድቅ ቃል በታሪክ ሚዛን ክብደቱ ብዙ ነው፤ አብዛኞቹ ሊቃውንትም ይህን ክፍል እውነተኛ ነው ብለው ይቀበሉታል።

በ18ኛው መጽሐፍ የሚገኘው ሌላው ክፍል ግን ብዙ አከራክሯል። ዛሬ በግሪክ ቋንቋ በሚነበበው መልኩ፣ ኢየሱስ ጠቢብና ድንቅ አድራጊ እንደ ነበረ፣ ጲላጦስ በሕዝቡ አለቆች ክስ በመስቀል እንደ ቀጣው፣ የወደዱትም እንዳልተዉት ይናገራል። በተጨማሪም መሲሕ እንደ ነበረና በሦስተኛው ቀን ሕያው ሆኖ እንደ ታየ ይገልጻል። ክርስቲያን ያልሆነ አይሁዳዊ እንዴት ይህን ሊጽፍ ይችላል? በ3ኛው መቶ ዓመት የኖረው ኦሪጌንስ ዮሴፎስ በኢየሱስ መሲሕነት አላመነም ብሎ ጽፏል። ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ጠቅሶ የምናገኘው በ4ኛው መቶ ዓመት አውሳብዮስ ዘቂሳርያ ነው። ክፍሉን የያዘው ጥንታዊው የግሪክ ብራናም የ11ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1971 እስራኤላዊው ሊቅ ሽሎሞ ፒኔስ፣ የ10ኛው መቶ ዓመት ጳጳስ አጋጵዮስ በዐረብኛ ያቆየውን ቃል አወጣ፤ በዚያ ውስጥ ስለ መሲሕነቱ የሚነገረው በጥርጣሬ፣ ስለ ትንሣኤውም በደቀ መዛሙርቱ ወሬ መልክ ነው። ካቶሊካዊው ካህን ጆን ማየር በ1991 ባሳተሙት ሥራ፣ የክርስቲያን እጅ የጨመራቸው የሚመስሉ ጥቂት ቃላት ቢነሡ የቀረው ዮሴፎስ በራሱ አነጋገር የጻፈው እንደ ሆነ አስረድተዋል። ሁሉም ባይስማሙ፣ ይህ የብዙዎች አስተያየት ነው።

ስለ መጥምቁ ዮሐንስም ዮሴፎስ ጽፏል፤ ሄሮድስ በማኬሩስ ምሽግ እንዳስገደለው ይናገራል። ከሮማውያን ወገን ደግሞ ታኪቶስ በ116 ዓ.ም. ገደማ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እንደ ተገደለ መዝግቧል። በየስፍራው የሚገኙት እነዚህ ምስክሮች በአንድነት ሲታዩ፣ ኢየሱስ አልኖረም የሚለው አሳብ የሚቆምበት መሠረት አያገኝም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው

በመጀመሪያ፣ የታሪክ ምስክር እስከ መስቀሉ ሥር ያደርሰናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚመራን እምነት ነው። ዮሴፎስ ራሱ ስለ ኢየሱስ እያወቀ አላመነም። ማወቅ ማመን እንዳልሆነ ከእርሱ የተሻለ አስረጂ አናገኝም።

ሁለተኛ፣ ያ ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ በዮሴፎስ ቃል ላይ የራሱን ሲጨምር ጌታን የጠቀመ መስሎት ይሆናል። ውጤቱ ግን መልካሙ ምስክርነት ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲጠረጠር ማድረግ ሆነ። በሐሰት አትመስክር የሚለው ስምንተኛው ትእዛዝ ለእምነታችን ጥቅም ሲባልም አይሻርም። ዛሬም ያልተረጋገጠ ተአምርና ያልተጣራ ወሬ ለስብከት ማድመቂያ ስናደርግ፣ ያንኑ ስሕተት እንደግማለን።

ሦስተኛ፣ የኢየሩሳሌምን ጥፋት የሚተርከውን መጽሐፉን አንዳንድ ክርስቲያኖች አይሁድን ለመናቅ ተጠቅመውበታል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 የጌታን ሕማም በአይሁድ ሁሉ ላይ መቍጠር እንደማይገባ አስተምሮናል። ዮሴፎስ የጻፈው ወገኖቹን ለማዋረድ ሳይሆን የጠፋችውን ከተማ እያለቀሰ ነበርና፣ እኛም በዚያው መንፈስ ልናነበው ይገባል።

ዮሴፎስ በ100 ዓ.ም. አካባቢ በሮም እንደ ሞተ ይገመታል። ወገኖቹ ከሃዲ ያሉትን የዚህን ሰው መጻሕፍት በብራና እየገለበጡ ለእኛ ያቆዩት፣ እርሱ ያልተቀበለው የክርስቶስ ተከታዮች ናቸው።