ዉልፍ ባርናቶና «አሮጌዋ ቁጥር አንድ»

በዚህ እትም ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ዉልፍ ባርናቶ ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፤ የመኪና እሽቅድድም በሚወደድበት ሁሉ ስሙ ይታወቃል። እኛ ግን ያነሣነው ለእሽቅድድሙ ብቻ አይደለም። ከሞተ ከ42 ዓመት በኋላ ይነዳት የነበረችው መኪና የፍርድ ቤት ክርክር አስነሥታለችና ነው።

ባርናቶ እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን ተወለደ። አባቱ በደቡብ አፍሪካ፣ ኪምበርሊ በተባለው ቦታ፣ በአልማዝ የከበሩ ሰው ነበሩ። ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ከመርከብ ላይ ባሕር ገብተው ሞቱ፤ ሀብቱ ለልጁ ተረፈ። አልማዙን ከጉድጓድ ያወጡት ጥቁር ሠራተኞች ግን ከዚያ ሀብት ምን ደረሳቸው? ይህን ሳንረሳ ወደ ታሪኩ እንቀጥል።

ባርናቶ በኬምብሪጅ ተማረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመድፈኛ መኮንን ሆኖ ዘመተ። በ1926 ገንዘብ ያጠረውን የቤንትሌይ መኪና ፋብሪካ በገንዘቡ ደግፎ ሊቀ መንበሩ ሆነ። ሊቀ መንበር ሆንኩ ብሎ ቢሮ አልተቀመጠም፤ መሪ ጨብጦ ወጣ እንጂ። በፈረንሳይ አገር ሌማን ላይ በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር በ1928፣ በ1929 እና በ1930 ገባ፤ ሦስቱንም አሸነፈ። ያኔ ሁለት ነጂዎች እየተፈራረቁ ቀንና ሌሊት ይነዱበት የነበረ ውድድር ነውና ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! የኋለኞቹን ሁለት ድሎች ያገኘው በአንዲት መኪና ነው። ስድስት ሲሊንደርና ስድስት ሊትር ተኩል ሞተር ነበራት፤ በኋላ «አሮጌዋ ቁጥር አንድ» ተባለች።

ድል ብቻውን ግን ፋብሪካ አያቆምም። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ የውድ መኪና ገዢ አሳጣ። በ1931 ባርናቶ ገንዘብ መስጠቱን አቆመ፤ ፋብሪካውም በሮልስ ሮይስ እጅ ገባ። መኪናዋ በ1932 ባለ 8 ሊትር ሞተር ተገጥሞላት ብሩክላንድስ በተባለው የእንግሊዝ መወዳደሪያ ስትሮጥ ከመንገዱ ጠርዝ በላይ ወጥታ ተከሰከሰች፤ ነጂው ክላይቭ ደንፊ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ታድሳ የመንገድ መኪና ሆነች። ባርናቶ በ1948 በ52 ዓመቱ አረፈ።

ታዲያ በ1990 የመኪናዋ ባለቤት በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጣት ተዋዋለ። ገዢው ኩባንያ ግን ይህች ያቺ መኪና አይደለችም ብሎ ከውሉ ወጣ። ነገሩ ለንደን ፍርድ ቤት ደረሰ። እውነትም ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ቦዲው በየጊዜው ተለዋውጧል። ዳኛው ከ1929 የቀረው ጥቂት ዕቃ ብቻ መሆኑን ተቀበሉ። ነገር ግን መኪናዋ አንድ ጊዜም ፈርሳ አልጠፋችም፤ ታሪኳ ሳይቋረጥ ከዘመን ወደ ዘመን ተሸጋግሯል፤ ስለዚህ ስሙ የእሷ ነው ሲሉ ለባለቤቱ ፈረዱ።

እኛም በዚህ ተከራክረንበታል። ግማሾቻችን ዕቃው ካለቀ ምን ቀረ አልን። ግማሾቻችን ደግሞ የአያቶቻችንን ጎጆ አነሣን። ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ ምሰሶው ምስጥ ሲበላው ይተካል፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ የእገሌ ቤት ነው የሚለው፤ ተሳስቷል የሚል የለም።

ይሁን እንጂ ስም ሁሉ እውነት አይደለም። ባርናቶ በማርች 1930 ከካን ወደ ካሌ ከሚሄደው «ሰማያዊ ባቡር» ጋር ተወራርዶ፣ ባቡሩ ካሌ ሳይደርስ እሱ ለንደን ገብቷል። በዚያ ጉዞ የነዳት ናት እየተባለች ለብዙ ዓመታት በሥዕል ስትታይ የኖረችው ቄንጠኛ ቤንትሌይ ግን ተሠርታ ያለቀችው ውርርዱ ካለፈ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው! እሱ የነዳው ሌላ መኪና ነበር። ቀኑን ከቀኑ ጋር ያስተያየ ሰው እስኪገኝ ድረስ ሁሉም አምኖ ተቀምጧል።

ነገ ክፍል ገብተን ታሪክ የምናስተምር እኛ ነን። የመጀመሪያዋ መኪና ዕቃዋ ቢለወጥም ታሪኳ በማስረጃ ቆመ፤ የሁለተኛዋ ዕቃዋ ሙሉ ሆኖ ሳለ ታሪኳ በማስረጃ ወደቀ። ስለዚህ ተማሪ ይህን በምን አወቅን ብሎ ሲጠይቀን መቆጣት ሳይሆን ማመስገን ይገባናል።