ሃውላንድ ሳትደርስ የቀረችው አሚሊያ ኤርሃርት

የዛሬው ጽሑፍ ዕዳ ለመክፈል ነው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በዚህ ገጽ አንድ ፎቶ ለጥፈን ነበር። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል በሶናር የተነሳ፣ ብዥ ያለ፣ ክንፍና ጭራ ያለው የሚመስል ምስል ነው። የአሚሊያ ኤርሃርት አውሮፕላን ከ80 ዓመት በላይ ጠፍቶ ተገኘ ብለን ጻፍን፤ እናንተም ተቀባበላችሁት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፈላጊዎቹ ራሳቸው ተመልሰው ቀረብ ብለው ሲያዩት ነገርዬው የተፈጥሮ ድንጋይ ሆኖ አረፈው። እሱን ግን አልጻፍንም። በቅርቡ አንድ ተከታታያችን አውሮፕላኑ አሁን የት ሙዚየም ነው ያለው ብሎ በውስጥ መስመር ሲጠይቀን አፈርን። እናም ታሪኩን ከሥሩ እንንገራችሁ። ሴትዮዋ ደግሞ በእኛ ሰፈር በኩል ያለፈች ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሚሊያ ጁላይ 24 ቀን 1897 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ አቺሰን በምትባል ከተማ፣ ዳኛ በነበሩት በእናቷ አባት ቤት ተወለደች። አርፋ የምትቀመጥ ልጅ አልነበረችም። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናት ከዕቃ ቤት ጣሪያ ላይ እስከ መሬት የእንጨት መንሸራተቻ ተሠርቶላት በሳጥን ውስጥ ተቀምጣ ቁልቁል ተለቀቀች። ሳጥኑ ተሰባበረ፣ ከንፈሯ አበጠ፣ ቀሚሷ ተቀደደ። እሷ ግን ደስታዋን አልቻለችውም።

አባቷ ኤድዊን ለባቡር ኩባንያዎች የሚሠራ የሕግ ባለሙያ ነበር። መጠጥ ሥራውን አሳጣው። ቤተሰቡ ከከተማ ከተማ ተንከራተተ፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት በመቀያየር አደጉ። አሚሊያ ዕድሜዋን ሙሉ የራሷን ገንዘብ ራሷ ካልሠራች እንቅልፍ የማይወስዳት ሰው የሆነችው ከዚህ የተነሳ ይመስለናል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እህቷን ለመጠየቅ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ሄደች። እዚያ ከጦር ሜዳ የተመለሱ፣ እጅ እግራቸውን ያጡ ወጣቶችን አየች። ትምህርቷን ትታ በወታደር ሆስፒታል የነርስ ረዳት ሆነች። አውሮፕላን መውደድ የጀመረችውም እዚያው ካናዳ ሳለች ነው።

ዲሴምበር 28 ቀን 1920 ካሊፎርኒያ ውስጥ አባቷ አሥር ዶላር ከፍሎላት ለአሥር ደቂቃ ያህል በረረች። እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ነገሩን ጨረሱት። ፎቶ አንሺ ሆና፣ የጭነት መኪና ነድታ፣ ስልክ ድርጅት ውስጥ ሠርታ ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ አጠራቀመች። አስተማሪዋም ሴት ነበረች፤ ኔታ ስኑክ ትባላለች። በ1921 ቢጫ ቀለም የተቀባች አሮጌ አውሮፕላን ገዛች፤ በዓመቱ በእሷ 4,300 ሜትር ከፍታ ላይ ወጥታ የሴቶችን ክብረ ወሰን ሰበረች።

ግን ገንዘቡ አልቆ አውሮፕላኗ ተሸጠች። እናትና አባቷ ተፋቱ። አሚሊያ መኪና ገዝታ እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ ከካሊፎርኒያ እስከ ቦስተን ነዳች። እዚያም ዴኒሰን ሃውስ በሚባል ማኅበራዊ ድርጅት የስደተኛ ቤተሰቦችን ልጆች የምትረዳ ሠራተኛ ሆነች። ሠላሳ ዓመት ሞልቷት፣ በደመወዝ የምትኖር፣ ትርፍ ጊዜዋን የምትበር ሴት ነበረች እንግዲህ።

በ1928 ስልክ ተደወለላት። አንዲት ሀብታም ሴት አትላንቲክን በአውሮፕላን ልታቋርጥ ተነስታ ቤተሰቧ ስለከለከላት በእሷ ምትክ የምትሄድ ሴት እየተፈለገ ነው። አሚሊያ ተስማማች። በጁን ወር ከካናዳ ጠረፍ ተነስተው ከ20 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በኋላ ዌልስ አረፉ። ዓለም አበደ! ችግሩ ምንድነው፣ አሚሊያ መሪውን አልነካችም። ያበሩት ዊልመር ስተልዝና ሉዊስ ጎርደን የሚባሉ ሁለት ወንዶች ናቸው፤ እነሱ ተከፈላቸው፣ እሷ ሳንቲም አላገኘችም። ጭብጨባው ግን ሁሉ ወደ እሷ ሆነ። እሷም አልደበቀችም፤ እንደ ድንች ጆንያ ተጭኜ ነው የተሻገርኩት ብላ በግልጽ ተናገረች። ስንቱ ነው ያልሠራውን ሲያመሰግኑት እንዲህ የሚል?

ጉዞውን ካቀነባበሩት አንዱ ጆርጅ ፑትናም የሚባል አሳታሚ ነበር። ስሟን ወደ ገንዘብ የቀየረው እሱ ነው፦ መጽሐፍ፣ ንግግር፣ ማስታወቂያ፣ በስሟ የሚሸጥ ልብስና ሻንጣ ሳይቀር። ደጋግሞ አግቢኝ ብሎ ለምኗት በ1931 እሺ አለችው። በሠርጉ ዕለት ጠዋት ግን ደብዳቤ ሰጠችው፤ በዓመት ውስጥ ደስተኞች ካልሆንን ልትለቀኝ ቃል ግባ የሚል ነው። በዚያ ዘመን!

የድንች ጆንያው ነገር ከንክኗት ኖሮ ሜይ 20 ቀን 1932 ብቻዋን ተነሳች። ከፍታ ጠቋሚው ተበላሸ፣ ክንፉ ላይ በረዶ ጋገረ፣ ከሞተሩ የጭስ ማውጫ ስንጥቅ እሳት ይታያት ጀመር፣ ነዳጅም ያንጠባጥብ ነበር። ወደ ፓሪስ አስባ የተነሳችው ሴት ከ15 ሰዓት ገደማ በኋላ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ላሞች የሚግጡበት መስክ ላይ አረፈች። አትላንቲክን ብቻዋን ያቋረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ አሁን ጭብጨባው የራሷ ነው። በ1935 ደግሞ ከሃዋይ ካሊፎርኒያ ብቻውን በመብረር ከወንድም ከሴትም የቀደማት አልነበረም።

አርባኛ ዓመቷ ሲቃረብ አንድ ትልቅ በረራ ቀረኝ አለች፤ በምድር ወገብ አካባቢ ዓለምን መዞር። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባሰባሰበው ገንዘብ ሎክሂድ ኤሌክትራ የምትባል ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ተገዛች። የማርች 1937 የመጀመሪያ ሙከራ ሃዋይ ላይ በመነሻ አደጋ ከሸፈ። ተጠግና ጁን 1 ከማያሚ ወደ ምሥራቅ ተነሳች። አብሯት አቅጣጫ መሪ ሆኖ ፍሬድ ኑናን ነበር፤ የፓን አሜሪካንን የፓስፊክ መስመሮች በኮከብ እየለካ የመራ፣ ካገባ ወራት ብቻ የሆነው ሰው። ስሙን ያዙልን፤ የሁሉም ወሬ ስለ እሷ ብቻ ሲሆን እሱም አብሮ መጥፋቱ ይረሳል።

ብራዚልን፣ ሴኔጋልን፣ ከዚያ ጋኦን፣ የዛሬዋን ንጃሜናን፣ ኤል ፋሸርንና ካርቱምን አልፈው በጁን አጋማሽ ምጽዋ ገቡ። ያኔ ምጽዋም አሰብም በጣሊያን እጅ ናቸው፤ አዲስ አበባም እንዲሁ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ አራት ወር እንኳ አልሞላም። ከምጽዋ በማግስቱ ወደ አሰብ ወረዱ፤ ከአሰብም ተነስተው በቀይ ባሕርና በዓረብ ጠረፍ ታክከው በ13 ሰዓት ገደማ ካራቺ ደረሱ። ከቀይ ባሕር እስከ ሕንድ ምድር ያለ ማረፍ የበረረ ከዚያ በፊት አልነበረም። ካራቺ ላይ ግመል ጋልባለች፤ ምጽዋ ላይ ሙቀት እንጂ ግመል መጋለቢያ ጊዜ አላገኘች ይሆናል።

ጁን 29 ኒው ጊኒ፣ ላኤ የምትባል ከተማ ደረሱ። 35,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የቀራቸው 11,000 ነው። ቀጣዩ ማረፊያ ሃውላንድ ነበር።

ሃውላንድን በዓይነ ህሊናችሁ ሳሉት። ርዝመቷ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ከጫፍ ጫፍ በእግር ግማሽ ሰዓት አትፈጅም። ወርዷ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከፍታዋ ስድስት ሜትር፣ ዛፍ የለ፣ ኮረብታ የለ። ማኮብኮቢያው በዚያው ዓመት ለዚህ በረራ የተዘጋጀ ነው። ይህችን ደሴት ከ4,100 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ሌሊቱን ሙሉ በውኃ ላይ ተበርሮ፣ ማለዳ ላይ ከደመና ጥላ መለየት ነበረባቸው። ኑናን በኮከብ እስከ አካባቢው ያደርሳል፤ የመጨረሻዋን ጥቂት ኪሎ ሜትር ግን በሬዲዮ የሚመራት ደሴቲቱ ዳር የቆመችው የአሜሪካ ጠረፍ ጠባቂ መርከብ ኢታስካ ናት።

እኛ ታሪኩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው እንላለን። ሰዎች የሚያወሩት ስለ ስለላና ስለ ጃፓን እስር ቤት ነው፤ የገደላቸው ግን ቢሮ ውስጥ በየቀኑ የምናየው ዓይነት አለመግባባት ነው። መርከቧ ሰዓቷን የምትቆጥረው በአንድ አቆጣጠር፣ አሚሊያ በግሪንዊች፤ በመሐል የግማሽ ሰዓት ልዩነት አለ። አንዱ ሲናገር ሌላው በማያዳምጥበት ደቂቃ ላይ ነው ማለት ነው። አሚሊያም ኑናንም የሞርስ ምልክት በወጉ አይችሉም፤ መርከቧ ግን በሞርስ ትልክላቸው ነበር። ከአውሮፕላኑ ጀርባ የሚለቀቀው ረጅም የአንቴና ሽቦ ማያሚ ላይ ተነቅሎ ቀርቷል። አሚሊያ አቅጣጫ ለመለየት የጠየቀችው ሞገድም ለመሣሪያዋ አልሆነም፤ ድምፁን ሰማች፣ ከየት እንደመጣ ግን መለየት አልቻለችም። እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ሰው አይገድልም።

ጁላይ 2 ቀን 1937 ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ነዳጅ እስከ አፍ ተሞልታ፣ ኤሌክትራ ከላኤ ማኮብኮቢያ ጫፍ እየተንገዳገደች ተነሳች። የቀን መስመርን ስለተሻገሩ በበነጋታው ጠዋት ሃውላንድ ላይም ገና ጁላይ 2 ነበር። ኢታስካ ላይ የነበሩት ድምፅዋን እየጎላ ሲሄድ ሰሙት። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ42 ላይ እላያችሁ ላይ መሆን አለብን ግን አናያችሁም፣ ነዳጅም እያለቀ ነው የሚል መልእክት መጣ። ድምፁ ከመጉላቱ የተነሳ የሬዲዮ ሠራተኞቹ ሰማይ ላይ ሊያዩዋት ጓጉ። መርከቧ ጥቁር ጭስ ለቀቀች። ይመልሱላታል፤ አትሰማም። 2 ሰዓት ከ43 ላይ በአንድ የአቅጣጫ መስመር ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እየፈለግን ነው አለች። ከተነሱ 20 ሰዓት አልፏል። ከዚያ በኋላ ኢታስካ ድምፅዋን አላገኘችም።

ዘጠኝ መርከቦችና ከ60 በላይ አውሮፕላኖች ተሰማርተው አራት ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቶ ፍለጋው ጁላይ 19 ቆመ። ፍርድ ቤት ሞታለች ያለው ጃንዋሪ 5 ቀን 1939 ነው። ባሏ በዚያው ዓመት ሌላ አገባ።

ከዚያ ወሬው ተጀመረ፤ ይኸው እስካሁን አለ። ከሃውላንድ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 650 ኪሎ ሜትር ላይ ኒኩማሮሮ የምትባል ሰው አልባ ደሴት አለች። በ1940 አንድ የእንግሊዝ ሹም እዚያ አጥንትና የኮከብ መለኪያ መሣሪያ ሳጥን አገኘ። ፊጂ ላይ ሐኪም ለክቶት የወንድ ነው አለ፤ አጥንቱ ጠፋ። በ2018 አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ የቀረውን የልኬት ወረቀት ብቻ ይዞ ከአሚሊያ ጋር ይቀራረባል አለ። በ1929 ግን እዚያችው ደሴት ላይ አንድ የእንግሊዝ መርከብ ተሰብሮ 11 ሰዎች ሞተዋል፤ ይሄ በፖስቶቹ ላይ አይጻፍም። በ2017 ደግሞ በጃፓኖች መማረኳን ያሳያል የተባለ ፎቶ በቴሌቪዥን ቀረበ። አንድ ጃፓናዊ ጦማሪ ብዙም ሳይደክም ፎቶውን በ1935 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ አገኘው፤ ከመጥፋቷ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

እኛ የምናምነው ነዳጅ ጨርሰው ሃውላንድ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ገቡ የሚለውን ነው። እዚያ አካባቢ ጥልቀቱ አምስት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሃውላንድ ላይ ዛሬም ሰው አይኖርም፤ በስሟ የተሰየመ የመርከበኞች ምልክት ቆሟል።

የጃንዋሪ 2024ቱን ፎቶ ከገጻችን አላነሳነውም። ከሥሩ ግን ድንጋይ መሆኑን ጽፈንበታል፤ ያኔ ያጋራችሁት እባካችሁ እናንተም አርሙት።