የኒውዮርክ ሕፃናትን ከሞት የታደጉት የጤና መምሪያ ሐኪም

የአንድ ከተማ ጤና መምሪያ ተግባር ከሆስፒታል ተግባር የተለየ ነው። ሆስፒታል የታመመው ሰው ወደ ደጁ ሲመጣ ተቀብሎ ያክማል። ጤና መምሪያ ግን ሰው ከመታመሙ በፊት የሚጠጣውን ውኃና ወተት፣ የሚማርበትን ትምህርት ቤትና የሚኖርበትን ሰፈር ይከታተላል። ውጤቱ የሚለካው ሳይታመሙና ሳይሞቱ በቀሩ ሰዎች ቁጥር በመሆኑ ለዓይን አይታይም፤ በጀት ለማስፈቀድም ያስቸግራል። የዚህን ሥራ ጠቀሜታ በተግባር ካስመሰከሩ ባለሙያዎች መካከል አሜሪካዊቷ ዶክተር ሣራ ጆሴፊን ቤከር በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ።

ዶክተር ቤከር በኒውዮርክ ግዛት በፓኪፕሲ ከተማ በ1873 ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው የሕግ ባለሙያ ስለነበሩ ቤተሰቡ በምቾት ይኖር ነበር። ይሁንና ቤከር በ16 ዓመታቸው አባታቸውን በአንጀት ተስቦ በማጣታቸው ቤተሰቡን የመርዳት ኃላፊነት ወደቀባቸው። ሊማሩበት ካሰቡት ኮሌጅ ይልቅ የሕክምና ትምህርትን መርጠው በኒውዮርክ የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ ገቡ፤ በ1898ም ተመረቁ።

የግል ክሊኒክ ከፍተው መሥራት ቢጀምሩም የመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው 185 ዶላር ብቻ ነበር። በመሆኑም የሲቪል ሰርቪስ ፈተና ወስደው በኒውዮርክ ከተማ ጤና መምሪያ በወር 30 ዶላር እየተከፈላቸው የትምህርት ቤቶች የጤና ተቆጣጣሪ ሆኑ። ቀጥሎም በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት በድሆች ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ የታመሙ ሕፃናትን እንዲፈልጉ ተመደቡ። በዚያን ጊዜ በሙቀቱ ወራት በከተማዋ በሳምንት እስከ 1 ሺህ 500 የሚደርሱ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞቱ እንደነበር በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ገልጸዋል። በጠባብ ክፍል ተጨናንቀው የሚኖሩ፣ አብዛኞቹም ከአየርላንድ፣ ከጣሊያንና ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱ ቤተሰቦች የሕፃን ሞትን የማይቀር ዕጣ አድርገው ያዩት ነበር። ወጣቷ ሐኪም ከዚህ የተረዱት የታመመ ሕፃን ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ እርዳታው የዘገየ መሆኑን ነው።

በ1907 ሌላ ከባድ ሥራ ገጠማቸው። ሜሪ ማሎን የተባለች ምግብ አብሳይ ራሷ ሳትታመም በተቀጠረችባቸው ቤቶች የአንጀት ተስቦ ታስተላልፋለች ተብላ ስትጠረጠር፣ ለምርመራ ናሙና እንድትሰጥ ለማግባባት የተላኩት ዶክተር ቤከር ነበሩ። ሴትየዋ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ሐኪሟ ፖሊሶች አስከትለው ተመለሱ፤ ለሰዓታት ከተደበቀችበት ቦታ ፈልገው በማውጣት በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። በምርመራውም የበሽታው ተሸካሚ መሆኗ ተረጋገጠ። ማሎን በደሴት ላይ ተገልላ ከቆየች በኋላ ዳግመኛ ምግብ እንዳታበስል ቃል አስገብተው በ1910 ለቀቋት። ሆኖም በ1915 ስሟን ቀይራ በአንድ የማዋለጃ ሆስፒታል ስታበስል በመገኘቷ ወደ ደሴቱ ተመልሳ በ1938 እስከሞተችበት ጊዜ ድረስ በዚያው ኖረች። ጤነኛ ነኝ ብላ የምታምንን፣ ከእንጀራዋም የተነጠለችን ሴት ትእዛዝ ብቻውን ሊመልሳት አልቻለም። የሕግ አስገዳጅነት ለጤና መምሪያ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ዶክተር ቤከር በቀጣዩ ዓመት የተከተሉት መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። በ1908 ትምህርት ቤቶች ለእረፍት ሲዘጉ በትምህርት ቤት ያገለግሉ የነበሩ 30 ነርሶች ተሰጧቸው። ለሙከራም በማንሃተን ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኝ ሕዝብ የተጨናነቀበት አካባቢ ተመረጠ። ከልደት መዝገብ በየዕለቱ የአራሶች ስምና አድራሻ እየተወሰደ ነርሷ ሕፃኑ ጤነኛ ሳለ ወደ ቤቱ ትሄድ ነበር። እናትየዋን ጡት እንድታጠባ፣ መስኮት እንድትከፍት፣ ሕፃኑን በየቀኑ እንድታጥብና በሙቀት ወራት ልብስ እንዳታበዛበት ትመክራት ነበር። በዚያ ወቅት በአካባቢው የሞቱት ሕፃናት ከቀዳሚው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በ1 ሺህ 200 አነሱ። አዲስ መድኃኒትም ሆነ አዲስ ሕንፃ አላስፈለገም፤ ቀድሞም በመንግሥት እጅ የነበሩ መዝገብና ሠራተኞች ለአንድ ዓላማ ተቀናጁ እንጂ።

በዚሁ ዓመት በጤና መምሪያው ሥር የሕፃናት ጤና አጠባበቅ ክፍል ተቋቁሞ ዶክተር ቤከር ኃላፊ ሆኑ። ክፍሉ በመንግሥት በጀት የሚተዳደር በዓለም የመጀመሪያው ተመሳሳይ ተቋም እንደሆነ ይነገርለታል። በሴት አለቃ ሥር አንሠራም ብለው የሥራ መልቀቂያ ያቀረቡ ስድስት ወንድ ሐኪሞች ነበሩ። ዶክተር ቤከር ለአንድ ወር እንዲሞክሩት ጠየቋቸው፤ ወሩ ሲያልቅም ሥራቸውን ቀጠሉ።

ክፍሉ የሰጣቸው አገልግሎቶች በርካታ ናቸው። ንጹሕ ወተት የሚታደልባቸው ጣቢያዎች ተከፈቱ። አዋላጆች እንዲሠለጥኑና ፈቃድ እንዲያወጡ ተደረገ። አራሶችን ከዓይነ ስውርነት ለመከላከል ዓይናቸው ላይ የሚጨመረው ሲልቨር ናይትሬት በጠርሙስ ሲቆይ ስለሚበከልና ከመጠን በላይ ስለሚጠነክር፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃው መጠን በሰም በተሠራ እንክብል ታሽጎ እንዲቀርብ ዶክተር ቤከር ዘዴ ቀየሱ። እናቶች ሥራ ሲውሉ ታናናሾቻቸውን ለሚጠብቁ ልጃገረዶችም የሕፃን አያያዝ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ተሰጠ። ልጃገረዶቹ የተማሩትን ወደ ቤት ይዘው በመሄድ ለወላጆቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው ጭምር አስተማሪ ሆኑ።

ሥራው ያለተቃውሞ አልተከናወነም። ሕፃናት እየታመሙ ባለመምጣታቸው ገቢያችን ቀነሰ ያሉ የብሩክሊን ሐኪሞች ክፍሉ እንዲዘጋ የሚጠይቅ አቤቱታ ለከንቲባው አቅርበው ነበር። ዶክተር ቤከር ይህንን እንደ ስሞታ ሳይሆን ሥራቸው ፍሬ ለማፍራቱ እንደ ምስክርነት ተቀብለውታል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲም ስለ ሕፃናት ጤና እንዲያስተምሩ ሲጋብዛቸው እሳቸው ራሳቸው በኅብረተሰብ ጤና ለዶክትሬት ዲግሪ እንዲማሩ እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። ሴት ተማሪ አንቀበልም ቢባሉም በአቋማቸው ጸኑ፤ ዩኒቨርሲቲው ሌላ ብቁ መምህር በማጣቱ በሩን ለእሳቸውም ለሌሎች ሴቶችም ከፈተ። ዲግሪያቸውንም በ1917 ተቀበሉ።

በ1908 ከ1 ሺህ በሕይወት የተወለዱ የኒውዮርክ ሕፃናት 144ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ዶክተር ቤከር ጡረታ በወጡበት በ1923 ግን ይህ ቁጥር ወደ 66 ዝቅ ብሏል። ለዚህ ለውጥ የኑሮ መሻሻልና የወተት ቁጥጥር አስተዋጽኦ ማድረጋቸው ባይካድም፣ ቤት ለቤት የተሰጠው ትምህርት ድርሻው የጎላ ነበር። ዶክተር ቤከር በመንግሥታት ማኅበር የጤና ኮሚቴም አገራቸውን ወክለው ሠርተዋል። የሕይወት ታሪካቸውን በ1939 አሳትመው በ1945 በኒውዮርክ አረፉ።

የዶክተር ቤከር የአገልግሎት ዘመን ለማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሆን ትምህርት ይዟል። የልደት መዝገብ በአግባቡ ባይያዝ ኖሮ ነርሷ የትኛውን በር እንደምታንኳኳ አታውቅም ነበር። ነርሷ በሰዓቱ ባትደርስ ደግሞ መዝገቡ ዋጋ ባልኖረው ነበር። የጤና መምሪያን ዕቅድና በጀት የሚመረምር ኃላፊ የሚቀርብለት ሪፖርት የታከሙትን ሰዎች ብዛት ብቻ የሚዘረዝር ከሆነ፣ በወቅቱ በተሰጠ ምክር ከሞት የተረፉት በዚያ ሪፖርት ውስጥ አይገኙም። የኒውዮርክ እናቶች ግን ልጆቻቸውን አቅፈው ክረምቱን በመሻገራቸው ያውቋቸው ነበር።