ከወይን ቦታ እስከ ባሕረ ሐሳብ

የፕሮግራም ቋንቋ ለመማር አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ትምህርቱ ፈጽሞ ባዕድ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የዚህ ጥበብ መሠረት በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ሲነገር የኖረ ነው። ለዚህም የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት የቅዱስ ድሜጥሮስ ታሪክ ምስክር ነው።

ድሜጥሮስ ወይን ጠባቂ ገበሬ እንጂ የተማረ ሰው አልነበረም። ሊቀ ጳጳሳቱ ዮልያኖስ ሊሞት ሲቃረብ፥ ያለ ወራቱ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣ ሰው በመንበሩ እንደሚተካ በራእይ ተነገረው፤ ይዞ የመጣውም ድሜጥሮስ ሆነ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ189 ግድም ተሾመ። ባለ ሚስት ስለ ነበረ ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ነገር ግን ከሚስቱ ጋር በድንግልና ይኖር እንደ ነበረ በእሳት ፍም ተገለጠ ሲል ትውፊቱ ይተርካል።

በዚያ ዘመን የትንሣኤ በዓል በየአገሩ በተለያየ ቀን ይከበር ስለ ነበረ ክርክር ተነሥቶ ነበር። መምህራን እንደሚያስተምሩት፥ ድሜጥሮስ ትንሣኤ ከእሑድ፥ ጾመ ነነዌም ከሰኞ እንዳይወጡ ተመኝቶ ሌሊት 23፥ ቀን 7 ሱባዔ ያዘ። 23 በ7 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 11 ይቀራል፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 በ7 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ 19 ይቀራል፤ ይህም ጥንተ መጥቅዕ ነው። የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት ግን አስቀድሞ በግሪኮች ዘንድ የታወቀ ነበረ።

አሁን የ2017 ዓ.ም.ን እንመልከት። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህም በፓይቶን ቋንቋ እንዲህ ይጻፋል፦

ወንበር = (7517 - 1) % 19
መጥቅዕ = (ወንበር * 19) % 30

% የተባለው ምልክት ቀሪውን ያወጣል፤ ስለዚህ ወንበሩ 11፥ መጥቅዑም 29 ነው። ወንበርና መጥቅዕ በየዓመቱ ሌላ ቍጥር የሚይዙ ስሞች በመሆናቸው ተለዋዋጭ ይባላሉ። መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ በመስከረም፥ ቢያንስ በጥቅምት ይውላል፤ ፕሮግራመኞች ቅድመ ሁኔታ የሚሉት ይህን ነው። መስከረም 29 ረቡዕ ነበረ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲጨመር 33 ይሆናል። ከ30 ስለ በለጠ 30 ይገደፋል፤ ወሩም ከጥር ወደ የካቲት ይሻገራል። እነሆ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ሰኞ፥ ትንሣኤም ከ69 ቀን በኋላ ሚያዝያ 12 ቀን እሑድ ዋለ።

ድሜጥሮስ 43 ዓመት ያህል በመንበሩ ተቀምጦ ዐረፈ፤ መታሰቢያውም ጥቅምት 12 ቀን ነው። ሥርዓቱን የያዙ ሁሉ፥ በዝዋይ ሐይቅ ደሴት የሚኖር መነኩሴም ሆነ በአዳማ የሚኖር ተማሪ፥ ሳይጠያየቁ አንድ ቀን ላይ ይደርሳሉ። ደንቡ ማዕርግ አይጠይቅም፤ ፊት አይቶም አያዳላም። መመሪያ የሚጽፍ ወጣት ሹምም ይህን ከወይን ጠባቂው ቢማር መልካም ነው።